ወደ ውስጥ የምትሳብ አዎ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ናይሮቢ ሄጄ ያረፍኩበት ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉ በቀይ ሰም ይወለወላል። ከክፍሌ ወጥቼ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የልጅነቴ ክላስ ፋይቭ ከነዴስኩ ከነጥቁር ሰሌዳው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ተንበርክካ የምትወለውለው ሴትዮ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ «ቁርስ ትበያለሽ?» አለችኝ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ መለስኩላት። ሴትዮዋ ጨርቋን ጥላ ብድግ አለች። «ማዳም፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ?» አዎ ማለቴ እንደሆነ ላስረዳት ብሞክር ሳቄ አላስጨርስ አለኝ። ይቺው ትንፋሽ በዚሁ ከተማ አንድ ጊዜ ችሎት ፊት አቁማኝ ነበር። ችሎት ስል የቲቸር ንጄሪን ክፍል ማለቴ ነው።

ናይሮቢ የመጣሁት አሥር ዓመቴን ልደፍን ስል ነው። እናቴ ቀድማኝ መጥታ፣ መሃል ከተማ አንድ ፎቅ ሥር ጠበብ ያለች የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍታ ስትደላደል፣ እኔን ከአዲስ አበባ ከአክስቴ ቤት አስመጣችኝ። ጊዜው ሞባይል በሚፋቅ ካርድ የሚሞላበት፣ ስልክ ያለው ሰው ቀበቶው ላይ ሰክቶት የሚንጎራደድበት ጊዜ ነው። ከኤርፖርት ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ናፍቆቷን እንኳ ሳትወጣ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «ማታቱ ውስጥ አማርኛ የሚባል እንዳታወሪ» አለችኝ። ማታቱ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ለምን ስላት፣ እንግዳ መሆናችን ከታወቀ ረዳቱ ያታልለናል፣ ፖሊስ ወረቀት ይጠይቀናል፣ ሌባም ይከተለናል አለች። ከዚያ በኋላ ማታቱ ውስጥ እናትና ልጅ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቁጭ ብለን መሄድ ጀመርን።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሒሳብ የሚቀበሉት ጋሽ ወርቁ ከእናቴም የባሱ ነበሩ። ናይሮቢ ብዙ ዘመን ስለኖሩ የማይጠረጥሩት ነገር የለም። «ማሂ፣ እዚህ አገር ያለ ምክንያት የሚስቅልሽ ሰው ካየሽ ቦርሳሽን ጠበቅ አድርጊ» ይሉኛል። የእኔ ቦርሳ የደብተር ቦርሳ ነው፤ ውስጡ ግማሽ ማስቲካ ቢገኝ ነው። ቢሆንም ጠበቅ ማድረግ ጀመርኩ። እኔ ደግሞ ከድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ወተት ሲሰጧት እንኳ አሽትታ ነው የምትጠጣው» ትለኝ ነበር።

ትምህርት ቤቴ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጊጊሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ግቢውን የከበበው የጃካራንዳ ዛፍ ያን ሰሞን ሐምራዊ አበባውን አራግፎ መሬቱን አልብሶታል። የገባሁት በዓመቱ የመጨረሻ ተርም ላይ ነው። እንግሊዝኛዬን ጠይቀው መልስ ሲያጡ ክላስ ቱ አስገቡኝ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬ ጋ ይደርሳል። ሕፃናቱ ሹሩባዬን በየተራ እየነካኩ አሻንጉሊት አደረጉኝ። አንዷማ ክንዷን እንደ እሹሩሩ እያወዛወዘች የራሴ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እናቴ ጋሽ ወርቁን ይዛ ሄዳ አስተርጉማ ስትለምን፣ ለሙከራ ወደ እኩዮቼ ወደ ክላስ ፋይቭ አዛወሩኝ። ከእንግዲህ ወደዚያ ወንበር ከምመለስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻላል ብዬ ነበር የወጣሁት።

ክላስ ፋይቭ ግን ዲስክ የምትባል ነገር ጠበቀችኝ። ከእንጨት የተቆረጠች፣ የስኳር ጣሳ ክዳን የምታህል ክብ ነገር ናት። የቃጫ ገመድ ተበጅቶላታል፤ ገመዱ ከስንት ልጅ አንገት የተጠራቀመ የላብ ሽታ አለው። ግቢው ውስጥ ከስዋሂሊ ክፍለ ጊዜ በቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ ማውራት ክልክል ነው። ዲስኳ ያለችበት ልጅ ሌላ ቋንቋ የተናገረ ልጅ ሲይዝ አንገቱ ላይ ያጠልቅለታል። ያ ደግሞ ሌላ ያድናል። የመጨረሻው ደወል ሲደወል አንገቱ ላይ የተገኘችበት ልጅ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻውን ቀርቶ ክፍሉን ይጠርጋል፣ ወለሉን ቀይ ሰም ይቀባል፣ በማግስቱም ሰልፍ ላይ ስሙ ይጠራል። ስለዚህ ሁሉም ልጅ የሁሉንም ልጅ አፍ ሲያይ ይውላል። ዲስኳን የያዘ ልጅ ካልሲው ውስጥ ይደብቃትና ሳቅ ሳቅ እያለ ይጠጋሃል። ጋሽ ወርቁ ይህን ትምህርት ቤት ሳያዩት ነው ያወቁት ብዬ ተደነቅኩ።

መጀመሪያ ያጠመደኝ ኬቨን የሚባል ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ነው። ገና በመጣሁ ሰሞን አጥር ላይ የተኛች ድመት እያሳየ፣ በምልክትም በእንግሊዝኛም አድርጎ በእናንተ ቋንቋ ምን ትባላለች አለኝ። አገር ለቅቄ ከወጣሁ ስለ እኔ ቋንቋ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ነው። ደስ ብሎኝ «ድመት» አልኩት። ከካልሲው አውጥቶ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ የጓደኝነት ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩት። ደወል ተደውሎ መጥረጊያ እስኪሰጡኝ ድረስ በአንገቴ ጌጥ እየተንጎራደድኩ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስጥለኝ። ሰው ሲያደናቅፈው «እኔን» እላለሁ፤ ዲስክ። ሲያስነጥሰኝ የአክስቴን «ይማርሽ» ለራሴ እላለሁ፤ ዲስክ። ቲቸር ንጄሪ እናቴን አስጠራቻት። እናቴ ለበዓል የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳ ከጋሽ ወርቁ ጋር መጣች። ቲቸር ንጄሪ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ልጅቷ እንግሊዝኛ ካልሞከረች ከእኩዮቿ ጋር መቆየቷ አይጠቅማትም። ከአሁን በኋላ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ አንድ ቀን እንኳ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ዲስኳ አንገቷ ላይ ከተገኘች፣ ዕረፍቱ ሲያልቅ የምትቀጥለው ከክላስ ቱ ነው። ካልተገኘች ክላስ ሲክስ ትገባለች። ጋሽ ወርቁ ይህንን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ቀጠነ።

ወደ ከተማ የተመለስነው በማታቱ ነው። እናቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተቆጥታ ይሁን፣ ማታቱ ውስጥ አማርኛ ስለማይወራ ይሁን መለየት አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ ጉንጯን እያየሁ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ገብተን በሩን ስትዘጋው ነው ያለቀሰችው። «እኔ እዚህ ድረስ የጎተትኩሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ በጣም ነው ያዘንኩት። ክላስ ቱ ብመለስ ከወንበሩ ይልቅ ይህን ፊቷን ማየት ነበር የፈራሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። ከትምህርት ቤት መልስ የምግብ ቤቱን ዕቃ ክፍል እደረድራለሁ፤ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ቤኪንግ ፓውደር። የደረደርኩት ዕቃ ላይ ከተጻፈው አንድ አንድ አዲስ ቃል ይዤ ሒሳብ መቀበያው ጋ ለጋሽ ወርቁ አቀርባለሁ። እሳቸው ይፈቱልኛል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች አብራኝ ትደግማለች። ግን ጋሽ ወርቁንም ቢሆን ዝም ብዬ አላመንኳቸውም። የቆርቆሮውን «ኢንግሪዲየንትስ» አንድ ቀን ቅመም ነው አሉኝ፣ ሌላ ቀን ዞሬ ብጠይቃቸው ውስጡ ያለው ማለት ነው አሉኝ። «ያን ጊዜ ቅመም ብለውኝ ነበር» ስላቸው፣ «ቅመሙ ውስጡ አይደለም እንዴ ያለው?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል ሳስፈታ ሁለት ጊዜ ሆነ፤ አንዴ ለማወቅ፣ አንዴ እሳቸውን ለመያዝ።

እንግሊዝኛዬ በዚህ ዓይነት የቆርቆሮና የጠርሙስ እንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ቀን ቲቸር ንጄሪ «ኪፕ» በምትል ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስትል እጄን አወጣሁ። በዚያ ክፍል እጄን ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ቆሜ፣ በረኪናው ጠርሙስ ላይ እንዳለው አድርጌ «ኪፕ አዌይ ፍሮም ቺልድረን» አልኩ። ከልጆች ይራቅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ንጄሪ «ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው» ብላ እንዲያጨበጭቡልኝ አደረገች። ሲያጨበጭቡልኝ ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ማን ከልቡ ማን ለማሾፍ እንደሆነ ለማወቅ። አንድ ጥግ ላይ ጭብጨባው ካለቀም በኋላ የምታጨበጭብ ልጅ ነበረች። ቤዛ ናት።

ቤዛ ሐበሻ ናት፤ ግን ናይሮቢ ነው የተወለደችው። አባቷ ጊጊሪ ካሉት የውጭ ድርጅት ቢሮዎች በአንዱ ይሠራሉ፣ ቤታቸው የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ነው። ጠዋት በመኪና ትመጣለች፣ ማታ በመኪና ትሄዳለች። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ግቢው ሁሉ «የአገርሽ ልጅ» እያለ ጎትቶ አገናኘን። እኔ በአማርኛ ደህና ነሽ ስላት «ሶሪ፣ አይ ዶንት ስፒክ ኢት» ብላኝ አለፈች። ቤት ሄጄ ለጋሽ ወርቁ ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ። «ሩንዳ የሚኖር ሰው ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት አያስገባም። እዚህ ካስገባ አንድ ነገር አለ» አሉ። አንድ ነገር ምን እንደሆነ አላብራሩም። እኔም አንድ ነገር አለ እያልኩ ቤዛን በሩቁ እከታተል ጀመር።

ከዚያ የበረኪና ቀን በኋላ ቤዛ ራሷ ትከታተለኝ ጀመር። ምሳ ሰዓት ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰው የማያየን ቦታ ጠብቃ ትመጣና በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» ትለኛለች፤ ጫማዋን፣ ሰማዩን፣ የወደቀውን አበባ እያሳየች። ድመቷ ትዝ አለችኝ። እንዲያውም ከኬቨን የባሰች ተንኮለኛ ናት፤ እሱ በሰው ፊት ነው ያጠመደኝ፣ እሷ በስውር። መጀመሪያ ካልሲዋን አያለሁ። ካልሲዋ ነጭና ለጥ ያለ ነው። ታዲያ ዲስኳን የት ነው የደበቀቻት እላለሁ፤ እጅጌዋን፣ የፀጉሯን ጥቅል ሳይቀር እመረምራለሁ። «አይ ዶንት ኖው» ብዬ ጥያት እሄዳለሁ። የገዛ ቋንቋዬን አላውቅም ስላት ፊቷ ያዝናል። የምታዝነው ሳትይዘኝ ስለቀረች ነው አልኩ።

አንድ ቀን ወጥመድ የሚሉትን ነገር እኔም ላሳያት አልኩ። ከግቢው በር ውጭ ዲስክ አይሠራም። ማታ መኪናዋን ቆማ ስትጠብቅ ከኋላዋ ሄጄ ድምፄን ሳልቀይር በአማርኛ «ቤዛ፣ አንገትሽ ላይ ሸረሪት አለ» አልኳት። እየጮኸች ዘለለች። ቦርሳዋ ወደቀ፣ ዘበኛው ሮጦ መጣ። «ያዝኩሽ» አልኩ በልቤ። የሚሰማ ጆሮ ይዛ አልሰማም የምትል ሰው ምንድን ናት? ሰላይ ናት እንጂ። እሷ ግን ሸረሪት እንደሌለ ሲገባት እንደመሳቅ እንደማልቀስ እያደረጋት፣ ጉሮሮዋን እየነካች በእንግሊዝኛ አወራችኝ። የገባኝ እየቆራረጠ ነው። ቤት ውስጥ እናትና አባቷ በአማርኛ ሲያወሩ ትሰማለች፣ ይገባታል፣ ልትናገር ስትል ግን እዚህ ጋ ይታነቃል። አያቷ ከጎንደር ሊመጡ ነው። አያቷ እንግሊዝኛ አያውቁም። ስልክ ላይ «ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?» ብለው አባቷን ጠይቀዋል። ያን «ዲዳ» የምትለውን ቃል በአማርኛ ነው የነገረችኝ፤ ቃሏ ሳይሰበር።

አላመንኳትም። ልቤ ትንሽ ፈራ፣ ግን አላመንኳትም። ለጋሽ ወርቁ ሳወራቸው «አያት?» አሉ፣ የብር ኖት ብርሃን ላይ አድርገው እንደሚያዩ ዓይናቸውን አጥብበው። «መቼ ነው የሚመጡት በያት እስቲ።» ጠየቅኳት። ትምህርት ሲዘጋ አለችኝ። ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ አንድ ቃል ሳልሰጣት ዝም ብዬ እንድጠብቅ መከሩኝ።

እንዲያውም ያን ሰሞን ግቢ ውስጥ ለማንም ቃል አልሰጥም ነበር። ስወድቅ እንኳ አፌን በመዳፌ እከድናለሁ። ከእንግሊዝኛ የማውቀውን እላለሁ፣ የማላውቀውን እውጣለሁ። እውነትም ዲስኳ ከአንገቴ ራቀች፤ እናቴም ማታ ማታ ገና ስገባ አንገቴን ታየኝና ትተነፍሳለች፣ ገመዱ ምልክት ይተው ይመስል። አንድ ነገር ብቻ ልብ አላልኩም። ሰው ሲጠይቀኝና መልሱ አዎ ሲሆን፣ አፌ ተዘግቶም ቢሆን፣ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሳብ ይላል። ያቺ ቃል ናት ብሎ ማን ያስባል? እናቴም እንዲያ ነው አዎ የምትለው፣ ጋሽ ወርቁም፣ አክስቴም። እኔ ያደግኩት እንዲያ እየሰማሁ ነው። ልብ ብሎ ያየው ኬቨን ነው። ለካ ከንፈሬን ትቶ ደረቴን ሲያይ ነው የሰነበተው።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ኬቨን ወደ ዴስኬ ጎንበስ አለ። በጣም በትሕትና «ድርሰትሽን ጨረስሽ?» አለኝ። ጨርሻለሁ። ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። ገመዱ አንገቴ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። እንደ በረዶ ነው የቀዘቀዘኝ። «ምንም አላልኩም» ብዬ ብድግ አልኩ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞረ።

ቲቸር ንጄሪ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ምን አለች?» ኬቨን «በቋንቋቸው አዎ አለች፣ ቲቸር። እንዲህ ነው የሚሉት» ብሎ እንደ እኔ ሳበ፤ እሱ ሲያደርገው ግን የጋለ ድስት የነካ ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እየሳበ እየሳቀ አየር ጨረሰ። ቲቸር ንጄሪ ጸጥ አሰኝታ ወደ እኔ ዞረች። «ማህሌት፣ እስቲ አንቺ ተናገሪ። ምን ነበር ያደረግሽው?» ጥያቄው ገብቶኛል። መልሱንም አውቀዋለሁ። ግን ትንፋሽ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ቆርቆሮ ላይ የለም፣ ክብሪት ላይ የለም። ያወቅኩትን ቃል ሁሉ እንደ ዕቃ ክፍሉ መደርደሪያ አንድ በአንድ አየሁት፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከመጠቀምዎ በፊት፣ በደንብ ይነቅንቁ። በመጨረሻ «ኖ ወርድ። ኤር» አልኩ። ቃል አይደለም፣ አየር ነው ማለቴ ነበር። ኬቨን ቀበል አድርጎ «ቲቸር፣ እኔም አየር እስባለሁ፣ አዎ ግን አይወጣኝም» አለ። እናቴ በሩን ዘግታ ስታለቅስ ታየችኝ። ክላስ ቱ ታየኝ።

«ቤዛ፣ ተነሺ» አለች ቲቸር ንጄሪ።

አለቀልኝ አልኩ። ስንት ቀን ቃል ለምናኝ ከልክያታለሁ፣ በሸረሪት አስደንግጫታለሁ። ዛሬ ቀኗ ነው። ቤዛ ቀስ ብላ ተነሳች። አየችኝ፤ እኔ ከልማድ የተነሳ ካልሲዋን አየሁ። ቲቸር ንጄሪ «የአንድ አገር ሰዎች ናችሁ። ይቺ ነገር ቃል ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ቤዛ ጥርት ባለ እንግሊዝኛዋ «አይደለችም፣ ቲቸር» አለች። ጆሮዬን አላመንኩም። ኬቨን ከኋላ «የአገሯ ልጅ ስለሆነች ነው የምትዋሽላት» አለ። ቲቸር ንጄሪ ወደ ቤዛ ዴስክ ተጠጋች። «ቤዛ፣ እዚህ የቆምሽው እውነቱን ልትነግሪኝ ነው። ገብቶሻል?»

ቤዛ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

ከዚያ የተነሳው ሳቅ ጎረቤት ክፍል ያሉትን አስተማሪ በር ድረስ አመጣቸው። ኬቨን ዴስክ ላይ ወጣ። ቲቸር ንጄሪ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ስትዞር ዓይኗን እየጠረገች «እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው» አለች። ማን ምን ሳይላት ቤዛ ከዴስኳ ወጥታ መጣችና ፊቴ ቆማ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። ለምን? ምን ፈልጋ ነው? አንድ ነገር አለ፣ የጋሽ ወርቁ አንድ ነገር። ዝቅ እንዳለች ጠበቀችኝ። ገመዱን ከአንገቴ አውጥቼ አጠለቅኩላት፤ ሪባኗ ላይ ተያዘ፣ እሷ ራሷ አላቀቀችው። ደወሉ ተደወለ።

ቦርሳዬን አንስቼ በር ደርሼ ተመለስኩ። ለማመስገን ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ቤዛ ካልሲዋን አውልቃ፣ ቀይ ሰም በጨርቅ እያሸች ወለሉን ይዛዋለች። ሩንዳ ቤታቸው እንዲህ ያለ ሥራ እንደማትሠራ ያስታውቃል፤ ሰሙን ከወለሉ ይልቅ ጉልበቷ ነው የበላው። ጨርቅ አንስቼ አጠገቧ ተንበረከክኩ። ከደወል በኋላ ዲስክ ስለማይሠራ በአማርኛ «ሆን ብለሽ ነው?» አልኳት። እንዳልሰማች ሆና ማሸቷን ቀጠለች። ከዚያ ወለሉን እንዳየች፣ እንደ እንቅፋት መንገድ እየተጠነቀቀች «አያቴ... ቅዳሜ... ትመጣለች» አለች። «ይመጣሉ በይ» አልኳት። «ይመጣሉ» አለች። ስትስቅ ቀይ ሰሙ ጉንጯ ላይ ነበር።

ክፍሉን እስክንጨርስ ተገበያየን። እኔ ወለል ስል እሷ ፍሎር ትላለች፣ እኔ ባልዲ፣ እሷ በኬት። አባቷ ለምን ከእኛ ጋር እንደሚያስተምሯት ስጠይቃት፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ትማር ብለው ነው አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ልንወጣ ስንል ደረቷን በእጇ ይዛ አየር ሳበችና «ብሬዝ» አለችኝ። ያን ቀን ቆሜ ያጣኋት ቃል ናት። እኔም ለአያቷ የምትለውን «እንኳን ደህና መጡ»ን እስከ መኪናው በር ድረስ አስደገምኳት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እናቴ ምግብ ቤት መጡ፤ አባቷ፣ እናቷ፣ ቤዛ፣ መሃላቸው ደግሞ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ዓይናቸው ሁሉን የሚያይ አሮጊት። ጋሽ ወርቁ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ አያትየዋ በእርግጥ መኖራቸውን በዓይናቸው ማረጋገጣቸው ነው። እኔ ውኃ እያቀረብኩ ጆሮዬን ጣልኩ። አያትየዋ ወሬ አይሰለቻቸውም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለሞተችው ላም፣ ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ሠርግ ያወራሉ። ቤዛ ዓይኗን ከዓይናቸው ሳትነቅል ትሰማለች፣ ቦታ ቦታውን ጠብቃም ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። አሮጊቷ ይረካሉ፣ ይቀጥላሉ። ኋላ እናቴን ጠርተው «ሰው አገር ተወልዳ አማርኛዋ እንዲህ ጥርት ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ኤርፖርት እንኳን ደህና መጡ ስትለኝ እንባዬ መጣ» አሏት። ጋሽ ወርቁ ሒሳብ መቀበያቸው ላይ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ከተቀመጠች አንድ ቃል ስትናገር አልሰማሁም» አሉኝ። ያን ቀን እናቴም ደስ ብሏት ነበር፤ ክላስ ሲክስ እንደምገባ የሚለውን ወረቀት ከቲቸር ንጄሪ ተቀብላ፣ የደረሰው እንግዳ ሁሉ እንዲያነብላት ታደርግ ነበር።

ቤዛ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ተከትያት ሄድኩ። ቧንቧው ጋ ሁለታችን ብቻ ነን። ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጤ ሲያሳክከኝ የሰነበተውን፣ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም የሚያሳክከኝን ጥያቄ፣ እንዳታመልጠኝ ፊት ለፊቷ ቆሜ ጠየቅኳት።

«እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ቲቸር ስትጠይቅሽ... ሆን ብለሽ ነው ወይስ አምልጦሽ?»

ቤዛ ቧንቧውን ዘጋች። ዓይን ዓይኔን እያየች ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«የትኛው ነው አዎ?» አልኳት።

እንደገና ሳበችና፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥላልኝ ወደ አያቷ ሄደች።